የጋራ ማመልከቻችን፦ የቀለሙ ክፍል

አስተባባሪ፣ ሀዋሳ
ሰላም ለሁላችሁ። የወባ ተሕዋሲን በሱፐር ሪዞሉሽን (ተራው ማይክሮስኮፕ የማይለየውን ጥቃቅን ነገር በሚለይ) ማይክሮስኮፕ ለማየት ያዘጋጀነው ረቂቅ ደርሷችኋል። ናሙናውን የምንልክለት አጋር ላብራቶሪ የዚህን ማይክሮስኮፕ ሁለት ዓይነቶች፣ ስቴድንም (STED) ስቶርምንም (STORM) ይዟል። ረቂቁ ላይ አምስት ፍሎረሰንት (ብርሃን ሲያርፍበት የሚያበራ) ቀለም ተጽፏል። እኔ በዝቷል ባይ ነኝ። እናንተስ?

ከባዮሎጂ ክፍል
እኔም በዝቷል እላለሁ። አመራረጡም ይስተካከል። ቀለሞቹ የተመረጡት በድምቀታቸው ብቻ ነው። ለተራው ማይክሮስኮፕ ድምቀት ይበቃል። ከ200 ናኖሜትር በታች ስንወርድ ግን መጀመሪያ መሣሪያውን፣ ከዚያ ቀለሙን ነው የምንመርጠው። ስቴድ ኃይለኛ ሌዘር ችሎ ቶሎ የማይደበዝዝ ቀለም ይፈልጋል። ስቶርም ሌላ ነው። ቀለሙ አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቶ አልፎ አልፎ ቦግ ማለት አለበት። ሁሉም ባንዴ ከበራማ አንዱን ሞለኪውል ከሌላው መለየት አይቻልም። ቦግ ሲልም ብዙ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ይስጥ። ፎቶኑ 4 እጥፍ ሲሆን የሞለኪውሉን ቦታ ስንለካ የሚኖረው ስህተት በግማሽ ይቀንሳል። አሌክሳ ፍሉር 647 የሚወደደው ለዚሁ ነው።

ለኛ ናሙና ደግሞ ይበልጥ ይመቻል። ደምን የሚያቀላው ሄሞግሎቢን ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ይውጣል፤ ከ600 ናኖሜትር በላይ፣ አሌክሳ 647 በሚሠራበት ቀይ ብርሃን ግን ብዙም አያስቸግርም። የሚያሰጋኝ ሄሞዞይኑ (ተሕዋሲው ሄሞግሎቢን ሲፈጭ የሚተወው ክሪስታል) ነው። ኃይለኛ ሌዘር ሲያገኘው ግሎ ናሙናውን ያበላሻል። ስለዚህ ስቴዱን እንተወው። በስቶርምም ቢሆን ሄሞዞይኑ ገና ባልበዛበት በቀለበት ደረጃ (ተሕዋሲው ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ገና ቀለበት ሲመስል) እንጀምር።

ከላብራቶሪ
ዶክተር፣ በሀሳብዎ እስማማለሁ። ግን ቀለሙ ብቻውን ብልጭ ድርግም አይልም። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ፣ ካታሌዝና ቲዮል ያለበት በፈር (ናሙናው የሚቀመጥበት የኬሚካል ፈሳሽ) ያስፈልገዋል። ኢንዛይሙ ሲሠራ አሲድ ስለሚፈጥር በፈሩ ከሰዓታት በላይ አያገለግልም። እዚያው ማይክሮስኮፑ ጋ ትኩስ ይዘጋጅ፤ ዋጋውም በጀቱ ላይ ይግባ።

ሌላም አለኝ። አንድ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ሙሉ ሳጥን አንቲቦዲ (ቀለሙን ዒላማው ላይ የምናጣብቅበት ፕሮቲን) ተበላሽቶብኛል። እስካሁን ያንገበግበኛል። እባካችሁ ከአዲስ አበባ በበረዶ ሳጥን ይምጣ፣ በትንሽ በትንሹ ተከፋፍሎ ከብርሃን ተሸፍኖ ይቀመጥ።

ከማስተርስ ተማሪዎች
ዒላማው ላይ የሚጣበቀው አንደኛና ቀለሙን የያዘው ሁለተኛ አንቲቦዲ ሲደራረቡ ቀለሙን ከዒላማው ከ10 ናኖሜትር በላይ ሊያርቁት ይችላሉ። 20 ናኖሜትር ለመለየት ለሚሞክር ሰው ይህ ብዙ ነው። ከአንቲቦዲ በጣም የሚያንሰውን ናኖቦዲ ብናስብበትስ?

አስተባባሪ፣ ሀዋሳ
ጥሩ ነጥብ ነው እህቴ። ዋጋውን ጠይቂልንና ሁለተኛ አማራጭ አድርገን እናስገባዋለን። ለጊዜው ስቶርም፣ አሌክሳ 647፣ በፈሩ ከነኢንዛይሙ፣ የቀለበት ደረጃ። የተቀሩትን አራት ቀለሞች ሰርዣለሁ። ተቃውሞ ያለው እስከ ሐሙስ ይጻፍ።