ወንድሜ «አስቁሙኝ» አለን፤ ቤት ቆልፈንበት ሱሱን ማስተው ይቻላል?

ጥያቄ፦ ታላቅ እህት (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። 27 ዓመቱ ነው። ጫት የጀመረው ዩኒቨርሲቲ እያለ፣ ለፈተና ሌሊት ለማንበብ ነው። ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላም አልተወውም። ከሰዓት ይቅማል፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ይጠጣል። በፊት ቢራ ነበር። አሁን በየቀኑ አረቄ ሆኗል፤ እንዲህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከሥራ ተሰናብቷል። የእናቴ ወርቅ ጠፍቶ እስካሁን ማንም ደፍሮ አልጠየቀውም።

ጠዋት ሻይ ሳቀርብለት ብርጭቆውን በሁለት እጁ ነው የሚይዘው። ወጣ ብሎ አንድ መለኪያ ቀምሶ ሲመለስ ግን ደህና ይሆናል።

ባለፈው እሁድ አለቀሰና «አስቁሙኝ» አለን። አጎታችን «አንድ ክፍል ውስጥ ቆልፈንበት 10 ቀን እንጠብቀው» ይላል። እናቴ ጸበል ትላለች። መቆለፉ ለቅዳሜ ተቆርጧል። እኔ ግን ፈርቻለሁ። የምታውቁ ንገሩኝ።

መልስ፦ የመርካቶ ልጅ

አጎትሽ ልክ ናቸው። የአክስቴ ልጅ ጫት የተወው እንደዚያ ነው። ሳምንት ሙሉ ተኛ፣ በላ፣ ተነሳ። ጨክኑ።

መልስ፦ የሥነ አእምሮ ነርስ

እህቴ፣ እባክሽ ቅዳሜ እንዳትቆልፉበት። የመርካቶ ልጅ የነገረሽ ለጫት ብቻ ከሆነ እውነት ነው። ጫት ያቆመ ሰው ይደክመዋል፣ ይተኛል፣ ይርበዋል፣ ይደብረዋል፣ ዱካክ ያስቸግረዋል። ይከብዳል እንጂ ሰውነቱን ለአደጋ የሚጥለው እምብዛም ነው። አልኮል ግን ሌላ ነው።

ከጻፍሽው ሁሉ ያስደነገጠኝ የሻይ ብርጭቆው ነው። ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጠው፣ አንድ መለኪያ ሲቀምስ የሚቆመው፣ ሰውነቱ አልኮሉን ስለለመደው ነው። አልኮል አእምሮን ያደነዝዛል። አእምሮም ያንን ለመቋቋም በየቀኑ ራሱን ያነቃል። አልኮሉ ድንገት ሲቀር ያ መነቃቃት የሚገታው ያጣል። መንቀጥቀጡና ላቡ በመጀመሪያው ቀን ይጀምራል። እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ መቃዠት፣ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። ይሄ ሳይታከም ሲቀር ሰው ይገድላል። በሩ ተቆልፎ ሲጮህ «ሀራራው ነው፣ ይለፍለት» ብላችሁ ብትጠብቁስ?

ስለዚህ ሐኪም እስኪያየው በራሱ በአንድ ጊዜ አያቁም። ይሄን ስልሽ ይከብድሻል፣ አውቃለሁ። ግን ቀስ ብሎ በሐኪም እጅ ነው የሚቆመው። በቅርባችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ፣ ሪፈር ይጽፉላችኋል። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል። ስትሄዱ ምን ያህል እንደሚጠጣ፣ የመጨረሻውን መቼ እንደጠጣ፣ ከዚህ በፊት ጥሎት ያውቅ እንደሆነ እውነቱን ንገሯቸው። ማፈር አያስፈልግም፤ የመድኃኒቱ መጠን የሚወሰነው በዚያ ነው። የሚያረጋጋ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 ይሰጡታል። የእንቅልፍ ኪኒን ከፋርማሲ ራሳችሁ ገዝታችሁ እንዳትሰጡት፤ ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ትንፋሹን ሊያቆመው ይችላል።

ከጣለው ወይም ከቃዠ ግን ወረፋም ሪፈርም አትጠብቁ። በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

መልስ፦ ጫት ከተወ 4ኛ ዓመቱ

እኔ በወንድምሽ መንገድ ነው የሄድኩት። መጀመሪያ በርጫ፣ ከዚያ ቸብሲ፣ ማለትም ምርቃና መስበሪያ መጠጥ። ሰው የማይረዳው ሁለቱ የተያያዙ መሆናቸውን ነው። ጫቱ አላስተኛ ሲለኝ እጠጣለሁ። ጠዋት ድብርት ሆኜ እነሳለሁ። ያንን ድብርት የሚያነሳልኝ ደግሞ ጫቱ ነው። አንዱን ትቼ አንዱን ልያዝ ብዬ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቴም ተመለስኩ። ስለዚህ ሁለቱንም ለሐኪሙ ንገሩት።

ዱካኩን አትናቁት። ገደል ውስጥ እየወደቅኩ፣ ሰው እያነቀኝ ነበር የምነቃው። እናቴ አጠገቤ ፍራሽ አንጥፋ ትተኛ ነበር። ስነቃ ምንም አትልም፣ ውኃ ትሰጠኛለች። ምክር ቢሆን ኖሮ የምወጣ ይመስለኛል።

ሀራራው በየቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይመጣ ነበር፣ የመቃሚያ ሰዓቴ ነዋ። ያንን ሰዓት ባዶ አታድርጉበት። እኔ የአጎቴ ጋራዥ እየሄድኩ ዕቃ አቀብል ነበር። ደሞዝ እንኳ አልነበረውም። እጄ ሥራ ይዞ 11 ሰዓት ከሆነ ያን ቀን ተርፌያለሁ ማለት ነው። የሰፈር ጓደኞቼን ስልክ አጥፍቻለሁ፣ ጫት ቤቱ ያለበትን መንገድም ለአንድ ዓመት አልሄድኩበትም።

አንዴ በመሀል ተመልሼበታለሁ፣ በሰርግ። በነጋታው ሄጄ ለአማካሪዋ ነገርኳት። «ስንት ሰዓት ነበር፣ ከማን ጋር ነበርክ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር።

መልስ፦ እናት (ሐዋሳ)

ልጄ፣ ለእናትሽ ንገሪልኝ፤ ጸበሉን ማንም አይከለክላትም። እኔም ልጄን ወስጃለሁ። ግን መድኃኒቱን አስጥዬ ነበር የወሰድኩት፣ እሱ ነው ጥፋቴ። በ3ኛው ቀን ጣለው። ኋላ ካህኑ ራሳቸው «መድኃኒቱንም ዋጥ፣ ጸበሉንም ጠጣ» አሉት። አሁን ሁለቱንም ይዞ ደህና ነው።

ስለ ወርቁ አሁን አታንሱበት። ያፍራል፣ ያፈረ ልጅ ደግሞ ይሸሻል። ግን ገንዘብ በእጁ አትስጡት። ታክሲውንም ምሳውንም አንቺው ክፈይ።

መልስ፦ ከሜሪላንድ

ውጭ ዘመድ ካላችሁ ዛሬውኑ ደውላችሁ እውነቱን ንገሯቸው። እኔ ለወንድሜ «ለኮርስ» እያለኝ በየወሩ ገንዘብ እልክለት ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፣ እኔ ብቻ አላውቅም። እንዳይከፋኝ ብለው ነው የደበቁኝ። ዛሬም ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ ታላቅ እህት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የነርሷን መልስ ለአጎቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። ስጨርስ ዝም አለ፣ ከዚያ «ቁልፉን እንቺ» ብሎ ሰጠኝ። ሰኞ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። ወንድሜም እሺ ብሏል፣ ግን «እዚያ የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝስ?» ይላል። ሰኞ ጠዋት ሀሳቡን ቢቀይር ምን ላድርግ?

መልስ፦ የሥነ አእምሮ ነርስ

ለአጎትሽ ምስጋናዬን አድርሺልኝ። ሀሳቡን ሊቀይር ይችላል፣ ብዙዎቹ ይቀይራሉ። አትጨቃጨቂ። «ለዛሬ የእጅህን መንቀጥቀጥ ብቻ እናሳይ» በይው፤ ውሸት አይደለም፣ የሚያስፈራውም እሱ ነው። እምቢ ካለ ማክሰኞ እንደገና ጠይቂው። እስከዚያ ምግብና ውኃ እንዳይቀርበት። «መኖር አልፈልግም» የሚል ነገር ከሰማሽ ግን ብቻውን አትተዪው፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ውሰዱት። ሰኞ እንደደረሳችሁ ጻፊልኝ፣ የማታ ተረኛ ስለሆንኩ ቀን አየዋለሁ።