የጽሑፍ ፋይልን በሲ ኮድ ውስጥ እንደ ስትሪንግ መክተት፦ አማርኛው ላይ ስህተት ይሰጣል

ጥያቄ
40 ኪሎባይት ገደማ የሆነ የእገዛ ጽሑፍ አለ፤ አብዛኛው አማርኛ ነው። ፕሮግራሙ ሲነሳ ፋይል ፍለጋ እንዳይሄድ ኮዱ ውስጥ እንደ ስትሪንግ (በጥቅስ መካከል የሚጻፍ ጽሑፍ) መግባት አለበት። ጥቅሱንና ባክስላሹን በሴድ (ጽሑፍ በጅምላ የሚቀይር መሣሪያ) ቀየርኩ፣ አማርኛውን በሄክስ ኢስኬፕ (እያንዳንዱን ባይት በ"\x" እና በ16 ቤት ቁጥር መጻፍ) ጻፍኩ። ኮምፓይለሩ ጂሲሲ ግን አንዳንድ መስመር ላይ ብቻ የሄክሱ ዋጋ ከልኩ አልፏል ይላል፤ ለምሳሌ «ገጽ3» ያለበት ላይ። «ገጽ 3» ሲሆን ያልፋል። ለምን?

መልስ 1
መልሱ ክፍት ቦታዋ ላይ ነው። በሲ የሄክስ ኢስኬፕ የአሃዝ ገደብ የለውም፤ ሄክስ አሃዝ እስካገኘ ድረስ እየጨመረ ይሄዳል። የ«ጽ» የመጨረሻ ባይት 189 ነው፤ 3 ሲለጠፍበት 3,027 ሆኖ ይነበባል፣ አንድ ባይት ደግሞ ከ255 በላይ አይይዝም። ከፊደሉ ቀጥሎ ከኤ እስከ ኤፍ ያለ የላቲን ፊደል ቢመጣም ያው ነው።

ወደ ኦክታል (8 ቤት ቁጥር) ይቀይሩት። ኦክታል ሦስት አሃዝ ላይ ይቆማል፦ «ጽ3» "\341\214\2753" ተብሎ ይጻፋል፣ 3ቱ ለብቻው ይቀራል። ሦስቱንም አሃዝ ሁልጊዜ ይሙሉ፤ "\7" ብለው ካሳጠሩ ያው ችግር ይመለሳል።

መልስ 2
ኢስኬፑ ራሱ ባይኖርስ? የኮድ ፋይሉ በዩቲኤፍ 8 (ፊደልን በባይት የማስቀመጫ ዘዴ) ከተቀመጠ ጂሲሲም ሌላው ኮምፓይለር ክላንግም አማርኛውን እንዳለ ይቀበላሉ። መጠንቀቅ ያለብዎት ከቪዥዋል ስቱዲዮ 2022 በፊት በነበሩት የማይክሮሶፍት ኮምፓይለሮች ነው፦ አንድ ቁራጭ ስትሪንግ 16 ሺህ ባይት አካባቢ ላይ ይከለከላል። የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ ይህ ከ5,500 ፊደል ያነሰ ነው። እያንዳንዱን መስመር በየራሱ ጥቅስ ውስጥ ማድረግ ይህን ያስቀራል፤ ኮምፓይለሩ ራሱ ያያይዛቸዋል።

ጠያቂው
ኦክታሉ ሠርቷል፣ አመሰግናለሁ። በኤክስኤክስዲ (የፋይልን ባይቶች በቁጥር የሚያወጣ መሣሪያ) ወደ ባይት አሬይ (የባይት ዝርዝር) መቀየሩስ? ስሞክረው ከጽሑፉ መጨረሻ በኋላ ቆሻሻ ያትማል።

መልስ 3
ኤክስኤክስዲ የፋይሉን ባይቶች ብቻ ነው የሚያወጣው፤ የስትሪንግን መጨረሻ የሚያመለክተውን መዝጊያ ዜሮ አይጨምርም። የማተሚያው ተግባር ፕሪንትኤፍ ዜሮ እስኪያገኝ ድረስ ማተሙን ይቀጥላል። ፋይሉን በስሙ ሳይሆን በመደበኛው ግቤት (በ«<» ምልክት) በኩል ይስጡት፤ ያኔ የአሬይ መግለጫውን ትቶ ቁጥሮቹን ብቻ ያወጣል፣ መግለጫውን ራስዎ ጽፈው መጨረሻ ላይ «, 0» ያክላሉ። ጂሲሲ 15 ወይም ክላንግ 19 ካለዎት ደግሞ የሲ 23ቱ (አዲሱ የሲ ደረጃ) ኢምቤድ መመሪያ ያለ ሌላ መሣሪያ ይህንኑ ይሠራል፤ ዜሮውን እዚያም ማከል ነው።

በሴዱ ከቀጠሉ ባክስላሽ ከጥቅስ በፊት ይቀየር። ከተገለበጠ ለጥቅሱ የገባው ባክስላሽ እንደገና ይደረብና ስትሪንጉ መሃል ላይ ይዘጋል። ሲጨርሱ ስትሪንጉን ወደ ፋይል ጽፈው ከዋናው ጋር በሲኤምፒ (ፋይሎችን ባይት በባይት የሚያወዳድር መሣሪያ) ያወዳድሩ። የአንድ ባይት ልዩነት መጨረሻ ላይ ከታየ፣ ዋናው ፋይል የመጨረሻ መስመር መስበሪያ አልነበረውም፤ ሴዱ ነው የጨመረው። በየመስመሩ አንድ ባይት ትርፍ ካለ ግን ኮዱን አይነካኩ፣ የፋይሉን የዊንዶውስ መስመር መስበሪያ ያጽዱ።