ነፋስ የሚያስገባ ድርብ መስታወት የፕላስቲክ መስኮት በራስ እጅ ይስተካከላል?

ሰላም_ፍራንክፈርት
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው፣ አራተኛ ፎቅ፣ ኪራይ ቤት። መስኮቶቹ ድርብ መስታወት ያላቸው ነጭ ፕላስቲክ ናቸው። እጀታውን ወደ ጎን ሲያዞሩት ወደ ውስጥ የሚከፈቱ፣ ወደ ላይ ሲያዞሩት ደግሞ ከላይ በኩል ዘመም የሚሉት ዓይነት። ተዘግተውም ብርድ ያስገባሉ። የልጆቹ ክፍል ይብሳል፤ ውጭ ነፋስ ካለ መጋረጃው ይወዛወዛል፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ከፍቼም ልጆቹ ካልሲ አድርገው ነው የሚተኙት። አንዱ ዙሪያውን በሲሊኮን ድፈኚው አለኝ። ሌላዋ በመስኮቱ ጠርዝ ዙሪያ ያለውን ማሸጊያ ጎማ ቀይሪ አለች። ሌላው ደግሞ አርጅቷል፣ ሙሉ መስኮቱ ይቀየር ይላል። በእጃችሁ የሠራችሁ ካላችሁ ከየት ልጀምር? መሣሪያ ብዙ የለኝም።

መስኮት_ገጣሚ
እህቴ፣ ሲሊኮኑን ተይው። የሚከፈት መስኮት በሲሊኮን አይደፈንም። እዚሁ ጀርመን በዚህ ሥራ ላይ ነኝ፤ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ተከፋቹ ክፍል ፍሬሙን በደንብ አለመጫኑ ነው እንጂ መስኮቱ አልቆ አይደለም።

መጀመሪያ ብርዱ በየት እንደሚገባ ለይ። ነፋስ ባለበት ቀን መጋረጃውን ሰብስቢና ባለ እንጨቱን እጣን ለኩሰሽ በመስኮቱ ዙሪያ ቀስ እያልሽ አዙሪው። ጢሱ የተበተነበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊ። ከዚያ አንድ ወረቀት በተከፋቹና በፍሬሙ መሃል አድርገሽ መስኮቱን ዝጊና ወረቀቱን ሳቢው። ከያዘ ጥሩ ነው። ያለ ምንም ትግል ሾልኮ ከወጣ እዚያ ጋ ጎማው አልተጫነም ማለት ነው። በአራቱም ጎን፣ በተለይ ማዕዘኖቹ ላይ ሞክሪው።

አሁን መስኮቱን ክፈችና የተከፋቹን ጠርዝ እይ። እጀታውን ስታዞሪ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄዱ ትንንሽ የብረት ጉጦች አሉ፤ ሲዘጋ ፍሬሙ ላይ ያሉትን ብረቶች የሚነክሱት እነሱ ናቸው። ብዙዎቹ መሃላቸው ላይ ቀዳዳ አላቸው፣ በ4 ሚሊሜትር ባለ ስድስት ጎን ኤል ቁልፍ ይዞራሉ። ቀዳዳ የሌላቸውና ሞላላ የሆኑትን በፒንሳ ማዞር ይቻላል። ጉጡ መሃሉን ስቶ የተሠራ ስለሆነ ሲዞር መስኮቱን ወይ ያጠብቀዋል ወይ ያላላዋል። ትንሽ አዙሪ፣ ዝጊ፣ በወረቀት ሞክሪ። ከላላ በተቃራኒው አዙሪ። ሁሉንም እኩል አድርጊ፣ አንዱን ብቻ እስከ መጨረሻ አታጥብቂ፤ እጀታው ይከብድና ጎማውም ቶሎ ይደቃል። በበጋ መልሰሽ ብታላዪው ለጎማው ዕድሜ ይጠቅማል።

ጎማው ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ተጫን ብለሽው ካልተመለሰ ያኔ ይቀየር። ቅርጹ ከመስኮት መስኮት ይለያያልና በግምት አትግዢ። ከማይታይ ቦታ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ቆርጠሽ ለሻጩ አሳዪው። ስትገጥሚው ደግሞ አትወጥሪው! ተወጥሮ የገባ ጎማ ቆይቶ ይሰበሰባል፣ ማዕዘኑ ላይም ክፍተት ይተዋል። መጋጠሚያውን ከላይ በኩል መሃል ላይ አድርጊው። ደህና ከሆነ ግን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገሽ የሲሊኮን ስፕሬይ ቀቢው፣ ይበቃዋል። የማሽን ዘይትና ግሪስ ጎማው ላይ እንዳይነካ፣ ያሳብጠዋል።

ለንደን_ደቡብ
ከላይ የተባለው ትክክል ነው። እንግሊዝ ላለን ግን ትንሽ ይለያል፣ ይህን የሚያነብ ሌላም ሰው ስለሚኖር ልጨምር። እኛ ጋ አብዛኛው መስኮት ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። ጉጦቹ አሉ፣ በተመሳሳይ መንገድ ይስተካከላሉ። ብዙ ጊዜ የሚደክመው ግን ማጠፊያው ነው፤ ሲደክም መስኮቱ በማጠፊያው በኩል ሙሉ በሙሉ አይገባም። ማጠፊያው ላይ ያለችውን ብሎን ማጥበቅ መስኮቱ ሲከፈት በነፋስ እንዳይንቀሳቀስ ያደርጋል እንጂ ብርድ አይከለክልም። መፍትሔው ማጠፊያውን መቀየር ነው፣ በካቻቪቴ ብቻ የሚሠራ ሥራ ነው። ርዝመቱን ለኩ፣ ውፍረቱንም ለኩ፤ በብዛት ያለው 13 ወይም 17 ሚሊሜትር ነው፣ ከተሳሳተ መስኮቱ አይዘጋም።

ከታች ፍሬሙ ላይ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ደግሞ አትድፈኑ። ሰው ብርድ የሚገባው በእነሱ መስሎት ይዘጋቸዋል። የዝናብ ውኃ መውጫ ናቸው።

የቅድስት_እናት
ልጄ፣ መስኮቱን ማጥበቅሽ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ። ቤቱ ከጠበቀ በኋላ ከሰል አጭሰሽ ቡና አታፍዪ። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ እንቅልፍ ይመስልና ይገድላል። መስኮት ትንሽ ከፍቻለሁ ብለሽም አትተማመኚ፣ ልጆች አሉሽ። በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍዪው፣ እጣኑንም በኤሌክትሪክ ማጨሻ። ቤትሽ ውስጥ በጋዝ የሚሠራ የውኃ ወይም የክፍል ማሞቂያ ካለም አየሩን ከክፍሉ ሊስብ ስለሚችል መስኮት ከማጥበቅሽ በፊት የጭስ ማውጫ የሚመረምረውን ባለሙያ ጠይቂ። ጠዋትና ማታ መስኮቱን ወለል አድርገሽ ለጥቂት ደቂቃ ክፈችው፣ አለበለዚያ እርጥበቱ ማዕዘን ላይ ሻጋታ ያወጣል።

ሰላም_ፍራንክፈርት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ፣ ስለ ከሰሉ ሰምቻለሁ። ማሞቂያችን ከሕንጻው ነው የሚመጣው፣ ጋዝ የለንም።

ወረቀቱን ሞከርኩት። በልጆቹ ክፍል በእጀታው በኩል ከላይ ያለው ማዕዘን ጋ ሾልኮ ይወጣል። እዚያው ጎን ከታች ደግሞ ስዘጋው ፍሬሙን ይፈገፍጋል። የሳሎኑ ጉጦቹን ካዞርኩ በኋላ ወረቀቱን ይዞታል። የአንዱ መስታወት ግን በሁለቱ መሃል ጉም አለው፣ በጨርቅ አይጠረግም።

መስኮት_ገጣሚ
የልጆቹ መስኮት ወደ እጀታው በኩል ወርዷል። መስኮቱን ክፈችና በማጠፊያው በኩል ከላይ ያለው ረጅም ብረት ላይ ለኤል ቁልፍ የሚሆን ቀዳዳ ፈልጊ። እሱ የተከፋቹን ራስ ወደ ማጠፊያው ይስበዋል፣ ያኔ በእጀታው በኩል ያለው የታችኛው ማዕዘን ቀና ይላል። ግማሽ ዙር ብቻ አዙረሽ ዝጊና እይው። ካልበቃ የታችኛውን ማጠፊያ የፕላስቲክ ክዳን አንሺ፣ ከላይ ያለው ብሎን ሙሉውን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ፍግፈጋው ሲጠፋ ነው ወደ ጉጦቹ የምትሄጂው፣ ቅደም ተከተሉን አትገልብጪው። የላይኛውን ማጠፊያ ፒን ግን በፍጹም እንዳትነኪ! እያንዳንዱ ንጣፍ 4 ሚሊሜትር የሆነ ድርብ መስታወት ብቻውን በካሬ ሜትር 20 ኪሎ ገደማ ነው፣ ተከፋቹ በሙሉ ላይሽ ላይ ይወድቃል።

ጉም የያዘው መስታወት የዙሪያ ማሸጊያው ተበላሽቷል፣ በማጥበቅ አይድንም። መስታወቱ ብቻ ይቀየራል፣ ፍሬሙ ይቆያል። ይህን ራስሽ አትክፈዪ። ተከራይ ነሽ፤ ጀርመን ውስጥ ቤቱን ለኑሮ በሚመች ሁኔታ መጠበቅ የአከራዩ ግዴታ ነው፣ ጉድለት ሲኖር ደግሞ ቶሎ ማሳወቅ ያንቺ። ፎቶ አንሺ፣ ቀን ጽፈሽ በጽሑፍ ላኪለት፣ ቅጂውን አስቀሪ። ጎማውም ካለቀ እዚያው ደብዳቤ ላይ ጨምሪው።