ጥቆማ፦ ለጠፍጣፋ ትል መድኃኒት ይሻላል ወይስ ትል የሚበላ አሳ?

የጨው ውሃ ጀማሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። 40 ጋሎን፣ ማለትም 150 ሊትር ገደማ የሚይዝ የኮራል አኳሪየም አለኝ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ በአሸዋውና በድንጋዩ ላይ፣ በተለይም ውሃው ብዙ በማይንቀሳቀስበት ጥግ፣ ዝገት የመሰሉ ነጠብጣቦች አያለሁ፤ ተጠግቼ ሳያቸው ይንሸራተታሉ። የሳሊፈርት ኩባንያ የሚሠራውን ፍላትዎርም ኤግዚት የተባለ የትል መድኃኒት ልግዛ ወይስ ሲክስ ላይን ራስ የሚባለውን አሳ? በዲሲ ዙሪያስ ከየትኛው ሱቅ ብገዛ ትመክሩኛላችሁ?

የዘጠኝ ዓመት ደንበኛ፦
መድኃኒቱንም አሳውንም ከመግዛትዎ በፊት እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተገለገልኩበትን ሱቅ ባለቤት ያነጋግሩ፤ ስሙን በውስጥ መልእክት እልክልዎታለሁ። ከዚያ ቤት የገዛሁት ኮራል አንድም ቀን ትል ይዞብኝ አያውቅም።

ታንግ ያጣሁት፦
እኔ ደግሞ ስሙን ከማልጠራው ሱቅ መድኃኒቱን ስገዛ ሻጩ «ጨምረውበት ይተኙ፤ ሌላ ምንም አያስፈልግም» አለኝ። ድንጋዩ ሁሉ በትል ተሸፍኖ ስለነበር በአንድ ሰዓት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ትል ሞቶ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ጠዋት ስነሳ ስድስት ዓመት ያሳደግሁት ቢጫ ታንግ የሚባል አሳ በጎኑ ተኝቶ አገኘሁት፤ ሁለቱ ክላውንፊሾችም ተከተሉት። ሄጄ ስናገር «ጨው አብዝተው ይሆናል» ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት የሚባል ነገር ቤቴ አይገባም።

ሰማያዊ ገንዳ፦
ወንድሜ፣ በጣም አዝናለሁ። ለመሆኑ ገንዘብዎን መለሱልዎ?

ታንግ ያጣሁት፦
ገንዘቡ ቀርቶ ይቅርታ እንኳ አልሰማሁም።

ጉፒ ከአዲስ አበባ፦
እኔም ሽሪምፕ የማረባበት ገንዳ ውስጥ ነጫጭ ትሎች ገብተውብኝ ነበር። ለውሻ የሚሰጠውን ፌንቤንዳዞል በጥቂቱ በጥብጬ ስጨምርበት በሁለት ቀን ጠፉ፤ ዋጋውም ርካሽ ነው።

የአክሮፖራ እናት፦
የጉፒው ባለቤት እጅግ ለጋስ ምክር ሰጥተውናል፤ የቀረው ቢኖር ጥያቄው ስለ ጨው ውሃ መሆኑ ብቻ ነው። ፌንቤንዳዞል ቀንድ አውጣዎችንና አንዳንድ ለስላሳ ኮራሎችን ስለሚጎዳ፣ ጠያቂው ከትሉ ጋር ሌላውንም አብረው ለመገላገል ካሰቡ ይጠቀሙበት።

ጉፒ ከአዲስ አበባ፦
እኅቴ፣ ትል ትል ነው ብዬ እንጂ በክፋት አይደለም።

የአክሮፖራ እናት፦
ነገሩ እዚያ ላይ ነው፤ ትል ሁሉ አንድ አይደለም። ጠያቂው የገለጹት ኮንቮሉትሪሎባ የሚባለውን ቀይ ትል ይመስላል። ጅራቱ ሦስት ጫፍ ካለው እሱ ነው። በአካሉ ውስጥ አልጌ ስለሚይዝ ብርሃን ይወዳል፤ ኮራሉን በቀጥታ ባይበላውም ሲበዛ ይሸፍነውና ብርሃን ይነሣዋል። አክሮፖራ የሚባለውን ኮራል የሚበላው ሌላኛው ትል ግን የኮራሉን ቀለም ስለሚመስል በዓይን አይለይም፤ ኮራሉ ላይ ክብ ክብ የንክሻ ምልክት ይተዋል፣ እንቁላሉንም ሥጋው በተላጠበት ግንድ ላይ ይጥላል። ለዚህኛው ኮራሉን አውጥቶ በመድኃኒት መዘፍዘፍ ያስፈልጋል። መድኃኒቱ እንቁላሉን ስለማይገድል በየ5 እስከ 7 ቀኑ ለበርካታ ሳምንታት መደጋገም ግድ ነው።

ቀዩ ትል ከሆነ ግን መድኃኒቱ ይሠራል። ታንግዎን ያጡት ወንድማችን የደረሰባቸውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል፤ ትሎቹ ሲሞቱ መርዝ ይለቃሉ። ስለዚህ አስቀድሞ ለጥቂት ቀናት በቀጭን ቱቦ የቻሉትን ያህል መጥጦ ማውጣት፣ አዲስ የጨው ውሃና መርዙን የሚመጥ ከሰል (አክቲቬትድ ካርቦን) ማዘጋጀት፣ መጠኑን ከጠርሙሱ ላይ አንብቦ መጨመር፣ መሞት ሲጀምሩም ሬሳቸውን እየመጠጡ ካርቦኑን ማስገባትና ውሃውን መቀየር ነው። ሻጭ ይህን ሳይናገር ጠርሙሱን ብቻ ከሰጠ ሌላ ሱቅ ይፈልጉ።

የዘጠኝ ዓመት ደንበኛ፦
የእኔ ሱቅ ባለቤት ይህን ሁሉ ያለ ጠያቂ ይናገራል። ደግሞም እኔ የገዛሁትን ኮራል ሁሉ ሳልዘፈዝፍ ገንዳ ውስጥ አላስገባም።

ሰማያዊ ገንዳ፦
እንግዲያውስ ንጹሑ ሱቁ ነው ወይስ እርስዎ?

የዘጠኝ ዓመት ደንበኛ፦
ሱቁ ነው።

የጨው ውሃ ጀማሪ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በማጉያ መነጽር ሳየው ጅራቱ በእርግጥ ሦስት ጫፍ አለው። ስለ አሳው ግን የመለሰልኝ የለም።

ከዱባይ፦
ሁለት ሲክስ ላይን ራስ ገዝቼ ነበር፤ አንዱ ትሉን ሲለቅም ይውላል፣ ሌላው ዞሮም አያየው። ካደገ በኋላ ትናንሽ አሳዎችን ስለሚያሳድድ ለሰላማዊ ገንዳ አልመክረውም፤ ክዳን የሌለው ገንዳም ዘሎ ይወጣበታል። ቬልቬት የሚሉት ሰማያዊ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት ቀዩን ትል አሳምሮ ይበላል፤ ግን ከእሱ ሌላ የሚበላው ስለሌለው ትሉ ሲያልቅ በረሃብ ይሞታል፣ ወይም ከዚያ በፊት ፓምፑ ይስበዋል። ትሉ ሲያልቅበት ለሌላ ባለ ገንዳ ማስተላለፍ ካልቻሉ አይግዙት።

ታንግ ያጣሁት፦
የእኔ ገንዳ አሁንም ትል አለበትና እዚህ ሜሪላንድ ያንን ፍጥረት የሚያውሰኝ ሰው አለ?

የዘጠኝ ዓመት ደንበኛ፦
ከእኔ ሱቅ በትእዛዝ ያስመጡልዎታል። ቅዳሜ ጠዋት እሄዳለሁ፤ መኪናዬ ውስጥ ሁለት ቦታ አለ።