ለካራቴ ፊልማችን የጋራ ዕቅድ፦ ከጉባኤው በፊት ረቂቁን እንጨርሰው

ጸሐፊ፦
ሰላም የማኅበራችን አባላት። ስለ አንዲት ወጣት የካራቴ ተማሪ አጭር ፊልም ለመሥራት ተስማምተናል። አሁን የሚቀረው ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርበውን ዕቅድ አብረን መጻፍ ነው። እስካሁን በእጃችን ያለው ይኸው፦ ባለታሪኳ የ14 ዓመት ልጅ ናት። እናቷ ጅማ መርካቶ ጥግ ላይ ጀበና ቡና ትሸጣለች። ልጅቱ ከትምህርት ቤት መልስ ካራቴ ትማራለች፣ የመጀመሪያው የቀበቶ ፈተናዋም ደርሷል። ፊልሙ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይሆናል፣ ሙሉ በሙሉ ጅማ ውስጥ ይቀረጻል። ገንዘቡ የአባላት መዋጮ ስለሆነ ከ90 ሺህ ብር ማለፍ አንችልም። ያልተቋጩት የድብድቡ ነገርና የቀረጻው ወቅት ናቸው። እባካችሁ ሐሳባችሁን እዚሁ ጻፉ፣ መጨረሻ ላይ እኔ አዋህደዋለሁ።

የቀረጻ ክፍል፦
እኔ ልጀምር። የካራቴ ፊልም ተብሎ የተጠራ ሰው ድብድብ ጠብቆ ነው የሚመጣው። ብዙዎቻችን ይህን ጥበብ የወደድነው ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን እያየን ነው። ስለዚህ መጨረሻው ላይ አዌቱ ወንዝ ዳር ልጅቱ ከአምስት ወጣቶች ጋር የምትጋጠምበት ረዘም ያለ ትዕይንት ይኑር እላለሁ። ለእሱ ጥሩ ካሜራ፣ ሁለት መብራትና ጊምባል (ካሜራው እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዝ ዕቃ) ከአዲስ አበባ ብንከራይ ምስሉ ከሌላው ሥራ አያንስም። ከገንዘቡ ግማሹን ቢበላም ያዋጣል ባይ ነኝ።

አሰልጣኝ፦
ወንድሜ፣ ፍላጎትህ ይገባኛል፤ እኔንም ወደ ዶጆ፣ ወደ ካራቴ መለማመጃው ቤት፣ ያስገባኝ ፊልም ነው። ግን ሥራው የቆመው በልጅቱ ላይ ስለሆነ ከእሷ እንነሳ።

ካታ የምንለው ለብቻ፣ በተወሰነ ቅደም ተከተል የሚሠራ የእንቅስቃሴ ስብስብ ነው። ነጭ ቀበቶ ያሰረ የሾቶካን (የእኛ የካራቴ ስልት) ተማሪ መጀመሪያ የሚይዘው ካታ ሄያን ሾዳን ነው። 21 እንቅስቃሴ አለው፣ በወጉ ሲሠራ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ወደ ግራ ዞሮ ወደ ታች በመከላከል ይጀመራል። ኪያይ የምንለው ጩኸት ዘጠነኛውና ዐሥራ ሰባተኛው እንቅስቃሴ ላይ ይመጣል። ሲያልቅ ተማሪው መመለስ ያለበት መጀመሪያ ወደ ቆመበት ነጥብ ነው። ካልተመለሰ እርምጃዎቹ እኩል አልነበሩም ማለት ነው። እኛ አሰልጣኞች ከዳር ቆመን ይህን ነው የምናየው። ወደ ወገብ መመለስ ያለበት እጅ ደረት ላይ ሲቀር፣ የኋላ እግር ተረከዝ ከወለሉ ሲነሳ፣ ስትዞር ዓይኗ ከእግሯ ዘግይቶ ሲመጣ እናያለን።

ይህን ተመልካቹም እንዲያየው ማድረግ እንችላለን። ልጅቱ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት ታደርጋለች። በፊልሙ መጀመሪያ ካታውን ስትጨርስ ከምልክቱ አንድ እርምጃ ያህል ርቃ ትቆማለች። ካራቴ ምን እንደሆነ የማያውቁ እናትም ቢሆኑ ያን ክፍተት ሲያዩ ልጅቱ ገና እንደሆነች ይገባቸዋል። ታሪኩ ሁሉ ያ ክፍተት እንዴት እንደሚዘጋ ይሁን።

ድብድቡን በተመለከተ አቋሜን በግልጽ ልናገር። በ1922 እ.ኤ.አ. ካራቴን ከኦኪናዋ ወደ ቶኪዮ ወስደው ያሳዩት ጊቺን ፉናኮሺ የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። ለተማሪዎቻቸው ካስቀመጧቸው 20 መመሪያዎች አንዱ በካራቴ ቀድሞ መምታት የለም ይላል። ሄያን ካታዎችንም ያዘጋጁት የእሳቸው መምህር አንኮ ኢቶሱ ናቸው፣ ያዘጋጇቸውም ለትምህርት ቤት ልጆች ነው። ስለ ትምህርት ቤት ልጅ በምንሠራው ፊልም አምስት ሰው መንገድ ላይ የምትዘርር ነጭ ቀበቶ ብናሳይ፣ በማግሥቱ ልጆቻችን ያንኑ ሊሞክሩ ይወጣሉ። ያንን ኃላፊነት መሸከም አልችልም።

የድርሰት ክፍል፦
ማስተር የጠመኔውን ነገር ሲያነሱ ታሪኩ መስመር ያዘልኝ። ወንድሜም ግን አልተሳሳተም፣ አደጋ የሌለበት ፊልም ሰው አይዝም። እንዲህ ብናደርገውስ? ግጭቱ አንድ ብቻ ይሁን፣ አጭርም ይሁን። ልጅቱ ምሽት ላይ ዕቃ አጥበው ከጨረሱ በኋላ የእናቷን ጀበናና ሲኒ ይዛ በአዌቱ ድልድይ በኩል ወደ ቤት ስትመለስ፣ የሰፈሯ ጎረምሳ የቀኑን ገቢ የያዘችበትን ቦርሳ ሊነጥቃት እጁን ይሰነዝራል። እሷ አንዴ ብቻ ትከላከላለች፤ በካታው መጀመሪያ ላይ ያለውን፣ እስኪሰለቻት የደገመችውን ያንኑ እንቅስቃሴ። ልጁ ሚዛኑን ስቶ ይወድቃል። መምታት ትችላለች፣ ጡጫዋም ተዘጋጅቷል፣ ግን አትመታም። ሲኒው ተሰብሯል። ቤት ገብታ ለእናቷ ምን እንደምትል የሚቀጥለው ትዕይንት ይወስነዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ክብደት ፈተናው ላይ ያርፋል፦ ኪሆን (መሠረታዊ እንቅስቃሴ)፣ ካታ፣ ኩሚቴ (የሁለት ሰው ግጥሚያ)። ኩሚቴው ላይ የድልድዩ ልጅ ታናሽ እህት ተጋጣሚዋ ብትሆን ደስ ይለኛል። ጅማ ውስጥ ሰው ከሰው እንዲህ ነው የሚገናኘው።

ቋንቋውንም አሁኑኑ እንወስን። ቤት ውስጥ አፋን ኦሮሞ፣ ገበያ ላይ አማርኛም ኦሮምኛም እየተቀላቀለ፣ ዶጆ ውስጥ ቆጠራው በጃፓንኛ ኢቺ፣ ኒ፣ ሳን እያለ ይሂድ። የከተማችን ልጆች የሚያድጉት በዚህ ነው። በአንድ ቋንቋ ብቻ ካደረግነው አፍ ላይ ውሸት ይሆናል። የትርጉም ጽሑፍ በሁለቱም እናስገባለን።

የቀረጻ ክፍል፦
ይህ ከእኔ ሐሳብ ይሻላል፤ ድልድዩን ስጡኝ፣ አምስቱን ሰው ትቻለሁ። የካሜራ ኪራዩንም ትቻለሁ። ከመካከላችን ጥሩ ስልክ ያላቸው አሉ፣ ትራይፖድም አለን። እጅ ባጠረን ሰዓት የሚያስፈልገን የካሜራውን ቦታ ማወቅ ነው።

ለድልድዩ ትዕይንት ካሜራውን ከልጅቱ ትከሻ ጀርባ እናቆመዋለን። በጡጫውና በፊቷ መካከል አንድ ስንዝር ክፍተት ቢኖር ከዚያ ማዕዘን አይታይም። ከጎን ከቀረጽነው ግን ልጆች ሳይቀሩ ያውቁብናል። ስለዚህ ማንም ማንንም ሳይነካ መሥራት ይቻላል። ለሚወድቀው ልጅ ከፍሬሙ ውጭ ፍራሽ እናነጥፋለን።

ፈተናው ላይ ደግሞ ተቃራኒውን ነው የምመክረው። ካታውን አንቆራርጠው። የዱሮ የሆንግ ኮንግ ሠሪዎች በሰከንድ 22 ፍሬም (ምስል) ቀርጸው በ24 በማሳየት እንቅስቃሴውን ያፈጥኑት ነበር፣ ስልክ ላይም ይሠራል። ለካታው ግን አልፈልገውም። አንድ ሾት፣ ከራስ እስከ እግር ሙሉ አካሏ፣ ካሜራው ሳይነቃነቅ፣ ከመጀመሪያው ሰላምታ እስከ መጨረሻው። ጠመኔው ፍሬም ውስጥ ይሁን። ልጅቱ በእርግጥ እንደምትችል ሰው የሚያምነን እዚያ ነው።

የአዳራሹ መብራት ፍሎረሰንት ስለሆነ በ25 ፍሬምና በ1/50 ሹተር እንቀርጻለን። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው፣ ካልተመጣጠነ ምስሉ ይርገበገባል።

አሰልጣኝ፦
አንድ ሾት ካልክ ልምምዱ ይብዛ። ካታውን ሳታቋርጥ፣ ምልክቷ ላይ ቆማ የምትጨርስ ልጅ በሁለት ሳምንት አትገኝም። ቢያንስ ሦስት ወር ስጡኝ። ተዋናይ አስመጥተን ካራቴ ከምናስተምራት፣ እየተማሩ ካሉት ልጆች መርጠን ካሜራ ፊት መቆም እናለማምዳት። እናቷን የምትሆነዋን ግን ከቲያትር ልምድ ካላቸው አባላት እንፈልግ።

የድምፅ ክፍል፦
እኔ ስለ ወቅቱ። አዳራሹ ቆርቆሮ ነው። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አጠገብ ያለ ሰው እንኳ አይሰማም፣ ማይክም አያድነንም። እዚህ ደግሞ ዝናብ የሚጀምረው ክረምት እስኪገባ ጠብቆ አይደለም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ካልቀረጽን ንግግሩን በሙሉ እንደገና ማስገባት ይመጣል፣ ያንን ለልጅ አልመክርም።

የመከላከሉንና የምቱን ድምፅ በኋላ እንሠራዋለን። በጨርቅ ጭምቅ ተደርጎ የተሞላ የቡና ጆንያ በወፍራም ዱላ ሲመታ፣ ማይኩ ከተጠጋ፣ ክንድ ከክንድ ሲጋጭ የሚሰጠውን ደፈን ያለ ድምፅ ይሰጣል። የካራቴ ልብሱ ሲያፏጭ የሚሰማውን ግን ከልጅቱ እጅጌ እዚያው ዶጆ ውስጥ እቀዳለሁ፤ አዲስ ልብስ ይበልጥ እንዲያ ይጮኻል። ከተቻለ የሚገዛ አንድ ነገር ቢኖር ጥሩ ማይክ ይሁን።

ሙዚቃ ከማንም ዘፈን አንወስድም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410 አለ። ከአባላት አንዱ ክራር ይጫወትልን፣ በጽሑፍም ይስማማልን።

የወላጆች ተወካይ፦
ልጆቼ፣ ሐሳባችሁ አስደስቶኛል። ከኅዳር እስከ ጥር ስትሉ ግን አንድ ነገር አስታውሱ፤ ያኔ ቡና ይለቀማል። ከከተማው ዳር ያሉ ቤተሰቦች ልጆቻቸው ከትምህርት መልስ ማድረቂያ አልጋው ላይ ጀንፈል ያገላብጣሉ፣ ይጠብቃሉ። ልጅ ለቀረጻ ስትወስዱ ከቤት አንድ እጅ እየወሰዳችሁ ነው። ስለዚህ ቀረጻው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ይሁን፣ ወይ የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ይጠበቅ። ከ18 ዓመት በታች ያሉት ሁሉ ወላጆቻቸው አንብበው ይፈርሙ፤ ማንበብ ለማይችሉ ሰው ቁጭ ብሎ ያንብብላቸው። የማታው የድልድይ ቀረጻ ላይ የልጅቱ ወላጅ ይገኙ። ምሳ ሳይበሉ የሚውሉበት ቀንም አይኑር።

የድርሰት ክፍል፦
እትዬ፣ የቡናውን ነገር ወደ ታሪኩ ባስገባውስ? ልጅቱ አያቷ ዘንድ ጀንፈል እየጠበቀች በማድረቂያ አልጋዎቹ መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ካታዋን ትለማመድ። ቦታው ስለሚጠብ እርምጃዋን መመጠን የምትማረው እዚያ ይሆናል። ለአሰልጣኙም መልስ ይሆነናል፤ ክፍተቱ በምን እንደተዘጋ ይታያል።

የወላጆች ተወካይ፦
እንዲያ ከሆነ ለቅሚያውም አልከፋም፣ ልጄ። አልጋውን እንዳይነኩት ብቻ።

አንድ አባል፦
ጅሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ላይ አንድ የልምምድ ትዕይንት ቢኖር? የከተማችን መታወቂያ ነው።

አሰልጣኝ፦
የልምምድ ሥፍራ አይሁን። ያረጀ የእንጨት ሕንፃ ነው፣ ዝላይና ርግጫ አይገባውም። ከግቢው ውጭ፣ ከከፍታው ላይ ከተማውን እያየች የምታርፍበት ከሆነ፣ ፈቃድ ጠይቀን እንሞክር።

ገንዘብ ያዥ፦
ካሜራው ከቀረ ገንዘቡ ይበቃል። እንዲህ መደብኩት። ለሦስቱ ወር ልምምድ የአዳራሽ ኪራይ፣ የልጆቹ ምሳና ባጃጅ 38 ሺህ። ለቀረጻ ቀናት ምግብ፣ ትራንስፖርትና ለሚሰበሩት ሲኒዎች 20 ሺህ። ማይክና ተያያዥ ዕቃ 15 ሺህ። ኤዲቲንግና ሁለት ሃርድ ዲስክ 9 ሺህ፤ ሁለት ያልኩት አንዱ ቢበላሽ የሦስት ወር ልፋት አብሮ እንዳይጠፋ ነው። መጠባበቂያ 8 ሺህ። ድምሩ 90 ሺህ። ትልቁ ወጪ ለምን ልምምዱ እንደሆነ ጉባኤው ይጠይቃል፤ ማስተር ተነስተው ካታው በአንድ ሾት እንደሚቀረጽ ያስረዱልኝ። እኔ ባለበት እንዲቆይ እከራከራለሁ፣ ከዚያ ላይ ከተቀነሰ ፊልሙ የለም።

ጸሐፊ፦
አመሰግናለሁ። ለጉባኤው የሚነበበውን እንዲህ አድርጌዋለሁ፤ የምታርሙት ካለ እስከ ዓርብ፦

«ማኅበራችን በጅማ ከተማ ስለ አንዲት የ14 ዓመት የካራቴ ተማሪ ከ25 ደቂቃ የማይበልጥ ፊልም በ90 ሺህ ብር ለመሥራት ያቅዳል። መሪ ተዋናይዋ በሥልጠና ላይ ካሉ ልጆች ትመረጣለች፤ ከቀረጻው በፊት ሦስት ወር ትለማመዳለች። ፊልሙ አንድ አጭር ግጭት ብቻ ይኖረዋል፣ በእሱም ባለታሪኳ ትከላከላለች እንጂ አትመታም። የፈተናው ካታ ሳይቆረጥ በአንድ ሾት ይቀረጻል። ንግግሩ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ነው። ቀረጻው በደረቁ ወቅት ቅዳሜና እሑድ እንዲሁም በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ይካሄዳል። ያለ ወላጅ ፊርማ ማንም ልጅ ካሜራ ፊት አይቆምም።»

የጅሬኑን ትዕይንት ፈቃዱ እስኪታወቅ ከጽሑፉ አስቀርቼዋለሁ። የአዳራሹን ደብዳቤ ሰኞ አስገባለሁ። ማስተር፣ ለምርጫው የሚቀርቡትን ልጆች ከእትዬ ጋር ተነጋግራችሁ አሳውቁኝ፤ ወላጆቻቸውን ከጉባኤው በፊት ማነጋገር አለብን።