ሁለት የኤስፒኤፍ ሪከርድ ማስቀመጥ ይቻላል? ኢሜይላችን ወደ ስፓም እየገባ ተቸግረናል

ቀሪ ሒሳብ፦

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ በሚገኝ አነስተኛ የቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ፤ ኮምፒውተር የሚነካ ጉዳይ ሁሉ «አንተ ትችለዋለህ» እየተባለ ወደ እኔ ስለሚመጣ የዶሜናችን ኢሜይልም በእኔ እጅ ነው። እስካለፈው ወር ድረስ ድረ ገጻችንም ኢሜይላችንም ሲፓነል (የሆስቲንግ ማስተዳደሪያ ገጽ) ባለው አንድ ሆስቲንግ ላይ ነበሩ። ኢሜይሉን ወደ ጉግል ወርክስፔስ ካዛወርን ወዲህ ግን ሁለት ችግር ገጥሞናል። አንደኛው፣ ሐምበርግ ላለው ገዢያችን የምንልከው ፕሮፎርማ በተደጋጋሚ ስፓም ውስጥ እየገባ ደንበኛው ስልክ እየደወለ «የት ደረሰ?» ይለናል። ሁለተኛው፣ በድረ ገጻችን ላይ ያለውን «ያግኙን» የሚለውን ቅጽ ሰዎች ሞልተው ሲልኩ መልእክቱ አይደርሰንም፤ የስህተት ማስታወቂያም ለማንም አይመለስም።

ኢሜይል የሚገባበትን ሰርቨር የሚጠቁመውን የኤምኤክስ ሪከርድ ጉግል ባዘዘው መሠረት ቀይሬአለሁ። በዶሜናችን ስም መላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች የሚዘረዝረውን ኤስፒኤፍን በተመለከተ ግን የቀድሞውን የሆስቲንግ መስመር ሳልነካ የጉግልን እንደ ሁለተኛ ሪከርድ ጨመርሁ፤ ሁለት ጠባቂ ከአንድ ይሻላል ብዬ ነበር። ወደ ግል ጂሜይሌ ልኬ የመልእክቱን ምንጭ ስከፍተው ከኤስፒኤፍ ፊት «ፐርምኤረር» የሚል ቃል አገኘሁ። ዲኪም እና ዲማርክ የሚባሉትን ገና አልነካኋቸውም።

ሰርቨር ጠባቂ፦

ሰላም ቀሪ ሒሳብ። በርእስዎ ላይ ለጠየቁት መልሱ «አይቻልም» ነው። አንድ ዶሜን ሊኖረው የሚገባው የኤስፒኤፍ ሪከርድ አንድ ብቻ ነው፤ ተቀባዩ ሰርቨር ሁለት ሲያገኝ አንዱን የመምረጥ መብት ስላልተሰጠው ሁለቱንም ትቶ ቋሚ ስህተት ብሎ ይመዘግባል። ያዩት ቃል ይህን የሚናገር ነው። ሁለተኛውን መስመር ያጥፉትና በውስጡ ያለውን የጉግል «ኢንክሉድ» (የጉግልን ሰርቨሮች ዝርዝር የሚጨምረውን ቃል) ወደ መጀመሪያው መስመር፣ «ኦል» ከሚለው መዝጊያ በፊት ያስገቡት። የቀድሞው ሆስቲንግ ከእንግዲህ በስማችሁ የማይልክ ከሆነም ፈቃዱን ያንሡበት፤ በጋራ ሰርቨር ላይ ስንት ጎረቤት እንዳለ አይታወቅምና። «ኢንክሉድ» መደርደርም ገደብ አለው፦ ሪከርዱን አንብቦ ለመጨረስ የሚያስፈልገው የዲኤንኤስ (የዶሜን ሪከርዶች ማውጫ) ጥያቄ ከ10 ከበለጠ ውጤቱ ተመልሶ ያው «ፐርምኤረር» ይሆናል።

ነገር ግን ኤስፒኤፍ ብቻውን አይበቃም። የሚያጣራው ተቀባዩ ሰው «ከ» በሚለው ቦታ የሚያነበውን አድራሻ ሳይሆን ሰርቨሮቹ የሚለዋወጡትን የመመለሻ አድራሻ ነው፤ በፖስታ ብንመስለው በደብዳቤው ራስጌ ላይ ያለውን ትቶ ከፖስታው ጀርባ የተጻፈውን እንደ መመልከት ነው። በዚያም ላይ ገዢዎ ኢሜይሉን በራሱ ወደ ሌላ ሳጥን የሚያስተላልፍ ከሆነ ላኪው ሰርቨር ስለሚለወጥ ኤስፒኤፍ ይወድቃል። ዲኪም በመልእክቱ ላይ የሚያርፍ ፊርማ ስለሆነ ይዘቱ ካልተነካ ከመልእክቱ ጋር አብሮ ይጓዛል፤ ስለዚህ እኔ ብሆን ብዙውን ጊዜዬን በዲኪም ላይ አጠፋ ነበር።

ወርክስፔስ ውስጥ የራሳችሁን ቁልፍ እስክታወጡ ድረስ ጉግል በራሱ ዶሜን ይፈርምላችኋል፤ ፍተሻው «ፓስ» (አልፏል) ቢልም ፊርማው የእናንተ አይደለም። ባለ 2048 ቢት ቁልፍ ያውጡና ጉግል በሚሰጥዎ ስም የቲኤክስቲ (የጽሑፍ) ሪከርድ ያድርጉት። ቁልፉ በአንድ የጽሑፍ ቁራጭ ከሚፈቀደው ከ255 ፊደል ስለሚረዝም አንዳንድ የዲኤንኤስ ገጾች አልቀበልም ይላሉ፤ ያን ጊዜ በሁለት ጥቅሶች ከፍለው ያስገቡት። ሪከርዱ ከታየ በኋላ ወደ ወርክስፔስ ተመልሰው ማስጀመሪያውን ካልተጫኑ ፊርማው አይጀምርም። ይህን ረስቼ ሁለት ቀን ሙሉ ዲኤንኤሱን የወቀስሁበት ጊዜ አለ።

ሽቦ አልባ፦

በተባለው እስማማለሁ። ዲማርክንም (ፍተሻውን ያላለፈ ኢሜይል ምን እንዲደረግበት ለተቀባዩ የሚነግረውን ሪከርድ) አሁኑኑ አስገብተው ፖሊሲውን በቀጥታ «ሪጀክት» (አትቀበለው) ያድርጉት፤ በስማችሁ የሐሰት ደረሰኝ የሚልክ ቢኖር በሩ ይዘጋበታል።

ሰርቨር ጠባቂ፦

ሽቦ አልባ ሆይ፣ መጨረሻው እዚያ መሆኑን ባልክድም፣ በመጀመሪያው ቀን «ሪጀክት» ማድረግን አልመክርም። ከድረ ገጹ ወይም ከሒሳብ ሶፍትዌሩ በዶሜኑ ስም የሚወጣ፣ ማንም ያላስታወሰው ኢሜይል ካለ እሱም አብሮ ይጣላል። በ«ነን» (ምንም አታድርግ) ተጀምሮ ሪፖርቱ የሚመጣበት አድራሻ ይጻፍበት፤ ጥቂት ሳምንታት ሪፖርቱ ከታየ በኋላ ወደ «ኳራንቲን» (ስፓም ውስጥ አስገባው)፣ ከዚያም ወደ «ሪጀክት» ይሻገራል። ጉግል እና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ዲማርክን ግዴታ ያደረጉት በብዛት ለሚልኩ ነው፤ በጉግል መለኪያ በቀን ወደ 5000 ገደማ ወደ ጂሜይል ለሚልክ ማለት ነው። አንድ ቡና ላኪ እዚያ አይደርስም። ይሁን እንጂ ከኤስፒኤፍና ከዲኪም ቢያንስ አንዱ ከማንኛውም ላኪ ይጠበቃል።

አሁን ወደ ቅጹ ልመለስ። ድረ ገጹ ያለበት ሰርቨር የዶሜናችሁ ኢሜይል አሁንም በእሱ ዘንድ ያለ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ኤምኤክሱን ሳይጠይቅ መልእክቱን በራሱ ዲስክ ላይ ባለው አሮጌ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። ደርሷል ብሎ ስለሚያምን ስህተት አይመልስም። ሲፓነል ውስጥ «ኢሜይል ራውቲንግ» በሚለው ሥር ያለውን ምርጫ ከ«ሎካል» ወደ «ሪሞት» ይለውጡት። ቅጹ የሞላውን ሰው አድራሻ «ከ» በሚለው ቦታ የሚያስገባ ከሆነም ያርሙት፦ ያሁ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ለራሱ ዶሜን «ሪጀክት» ስላለ፣ የያሁ ተጠቃሚ ቅጹን ሲሞላ መልእክቱ ያለ ፈቃድ በያሁ ስም የተላከ ይሆናል። «ከ» የሚለው የእናንተ አድራሻ ይሁን፤ የሰውየው በ«ሪፕላይ ቱ» ይቀመጥ። ከተቻለም ቅጹ በወርክስፔስ አካውንት፣ በፖርት 587 እንዲልክ ያድርጉ።

ቀሪ ሒሳብ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኤስፒኤፉን ወደ አንድ መስመር አጠቃለልሁ፤ ዲኪሙንም በሁለት ጥቅስ ከፍዬ አስገባሁ፤ የማስጀመሪያውን ቁልፍ እውነትም ረስቼው ነበር። ዲማርክን በ«ነን» ጀምሬአለሁ። ዛሬ ጠዋት ወደ ጂሜይሌ የላክሁት ሙከራ በሦስቱም «ፓስ» አለ፤ ወደ ሐምበርግ የላክነው ፕሮፎርማም በዋናው ሳጥን ገብቷል። የሲፓነሉን ምርጫ ከመለወጤ በፊት አሮጌውን ሳጥን ብከፍተው ከቅጹ የመጡ 14 መልእክቶች ተከማችተው አገኘሁ፤ ከመካከላቸው አንዱ የይርጋጨፌ ናሙና እንድንልክለት ከሦስት ሳምንት በፊት የጠየቀን ሰው ነው። አሁን ለእሱ የይቅርታ ደብዳቤ እየጻፍሁ ነው።