አዲሷ መኪናዬ በረዶ ላይ ተንሸራተተች፤ ጎማ ልቀይር?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች፣ ከጎንደር ነው የምጽፍላችሁ። ከሦስት ወር በፊት ያለኝን ሁሉ አራግፌ አዲስ የኤሌክትሪክ ኤስዩቪ ገዛሁ። የቆዳ ወንበር፣ የመስታወት ጣሪያ፣ ምን የሌላት አለ! ፒያሳ ላይ ስትሄድ ድምጿ አይሰማም። እኔ ግን የምውለው ፒያሳ አይደለም። ሥራዬ ደባርቅ ነው፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አንዳንዴም ወደ ሰሜን ተራሮች እወጣለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሳንቃበርን አለፍ እንዳልኩ በረዶ ወረደ። በአሥር ደቂቃ መንገዱ ጨው የተነሰነሰበት መሰለ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ስይዝ ፔዳሉ እግሬ ሥር ተርገፈገፈ፤ መኪናዋ ግን ወደ ገደሉ ቀጥ። ዳር ላይ የተቆለለ ጠጠር ነው የያዘኝ። ሥላሴ አተረፉኝ!

ሻጩ «አራቱም ጎማ ይነዳል፣ አታስብ» ብሎኝ ነበር። ለመነሳት እንጂ ለመቆም እንደማይረዳ አሁን ገባኝ። ጎማዋ የአስፋልት ነው፣ ጥርሱ ጥልቀት የለውም። ሪሙ ደግሞ 20 ኢንች። ካናዳ ያለው ወንድሜ «የክረምት ጎማ ግዛ» ይላል። እሱ ጋ በረዶው ወራት ይቆያል፤ እኛ ጋ ፀሐይ ስትወጣ ቀልጦ ጭቃ ይሆናል። ያ ለስላሳ ጎማ ደግሞ በእኛ ሙቀት ቶሎ ያልቃል አሉ።

እስቲ ምከሩኝ። ወደ 18 ኢንች ወርጄ ባለ ጥርስ ጎማ ላስገባ? ሪሙ ፍሬኑን አይነካም? ጥርሱ ሲበዛ ቻርጁን ምን ያህል ይበላዋል? በተለይ በሊማሊሞ ከባድ መኪና የምትነዱ፣ ቁልቁለቱን እንዴት ነው የምትይዙት? ቅዳሜ እንደገና መውጣት አለብኝ።